የ«አመመኝ» ባለቤት

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ታቦር ተራራ ሥር፣
ጠመኔ እየበላኝ ሰዋስው ሳስተምር፣
«ባለቤቱን ፈልጉ፤ አድራጊው ማነው?» እያልኩ፣
አንዲት ቃል ነበረች፣ ሁሌ እየዘለልኩ።
«አመመኝ» ትላለች።
ማን አመመኝ? ማነው
ግሡ ውስጥ ተሸሽጎ እኔን የሚነካው?

ካያሞ የሚባል ልጅ እጁን አወጣ አንድ ቀን፦
«ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ ስንል፣ ማንን ነው መክሰሳችን?»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «ፈተና ላይ አይወጣም» አልኩት።
ይኸው ወጣ፤ በስተርጅና ብቻዬን ተቀመጥኩለት።

ማክሰኞና ዓርብ። (ሦስት ቀን ነው ደንቡ፤ ኪሴ ሁለት አለ።)
ሌሊት አሥራ አንድ ላይ፣
አባ ኮዳው ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ላይ እንደ ዘብ እንደተተከለ፣
ትብለጥ ፎጣዬን ይዛ፣ እኔ ክንዴን ይዤ
በጎረቤት ባጃጅ እንወጣለን።
የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ አጥንቴ ላይ ያርፋል፤
ሾፌሩ ያውቀኛል፤ ቀስ ይላል፤ ቀስ ማለቱም ያማል።
ደም ሥሬን የሰፉበት ክንዴ፣ ጆሮ ቢያስጠጉት፣
ንብ እንደገባበት ቀፎ ውስጥ ውስጡን ይጮሃል።

ማሽኑ ደሜን ያጥባል፤ አራት ሰዓት ያዞረዋል፤
ኩላሊቴ ያቃተውን ጨውና ውሃ ያወጣዋል።
ሕመሙን ግን አያጥበውም፤
ማጣሪያው ለእሱ ይጥበብ ይስፋ፣ የነገረኝ የለም።

ያለፈው ማክሰኞ ሲስተር ቦጋለች ወረቀት ይዛ መጣች።
«ከአሥር ስንት ነው?» አለች።
ሃያ ሁለት ዓመት ከአሥር ያረምኩ ሰው ነኝ፤
«ግማሽ ነጥብ ጨምርልኝ» ብሎ ስንቱ የለመነኝ።
አሁን ተራው የእኔ ሆነና፣ ሰባት ልበል? ስምንት?
ባለፈው ስምንት ያልኩት ቀልድ ሊመስል ነው በዛሬው ፊት።
«ሰባት» አልኳት። ጻፈች።
«የት የት ላይ?» ብላ
ወረቀቱ ላይ የተሳለ ሰው ሰጠችኝ፣
ፊትና ኋላው የሚታይ፣ ራቁቱን፣ ጣት የሌለው።
ትከሻውን፣ ወገቡን፣ ጉልበቱን፣ ተረከዙን አጠቆርኩ፤
መንጋጋውን፣ የራስ ቅሉን፣ ጣት ቢኖረው ጣቱን ባልኩ፤
ቦታ ሲያልቅብኝ ከሰውየው ውጪ፣
ባዶው ላይ፣ አንድ ክብ አሰመርኩ።
«ይሄስ ምንድነው?»
«እዚህም ያመኛል።»
አልሳቀችም። ክቡንም አልሰረዘችው።

አጠገቤ ላታሞ ነው። አሞራ ገደል መረብ ይጥል ነበር፤
ሐይቅ ዳር ተወልዶ፣ ዛሬ ውሃውን በስኒ ይሰፍር።
«ጋሼ» አለኝ፣ «ይሄ ነገር መረብ ነው፤
አንዱን ጫፍ ስትይዘው ሌላው ጫፍ ይሳባል፤
አንገቴን ሳዞር የእግሬ ጣት ይሰማል።
ዓሣው ማን እንደሆነ ግን…»
ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዘመድ ይመጣል። «መልክህ እኮ ደህና ነው» ይላል።
«ኩላሊት አይደል እንዴ? ትከሻህን ምን ነካው?»
አንዱ ብርድ፣ አንዱ ምች፣ አንዱ ሐሳብ ነው ይለዋል።
የንስሐ አባቴ ግን «የሰውን ኩላሊት እስከ ውስጡ
የሚያይ እሱ ብቻ ነው» አሉ።
አይቶ ሲጨርስ ውጤቱን ማን ያመጣልኛል
ብዬ ልጠይቅ አልኩና ተውኩ፤ ደክሟቸዋል።

ትናንት ማታ ትብለጥ ወገቤን ቅባት ስትቀባ
እጇ መሐል ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ?»
«እዚያ ጋ።»
«እኔን» አለች።

እኔን።
ግስ የለው፣ ባለቤት የለው፤ ተሳቢ ብቻውን የቆመ፣
ድሮ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ያልተሟላ» ብዬ የጻፍኩበት፣
ስንቱን ልጅ ነጥብ ያስጣልኩበት፣
ከባለቤቴ አፍ ወጣ።
አላረምኩትም።

ሕመሙ ያው ሰባት ነው፤ ግማሽ ነጥብ አልጎደለም።
እሷ እጇን ሳታነሳ እንቅልፍ ወሰዳት፤
እኔ እንዳትነቃ ብዬ ጎኔን ሳልቀይር፣
የማይቻለውን ስችል አነጋሁ።

ውጪ ባጃጁ ቆሟል። ዓርብ ነው።